ባለዶሮው ልጅ

ጫኖ ውስጥ አንድ ግቢ ግቡና ከሙዙ ሥር አፈር የምትጭረውን ዶሮ እያሳያችሁ «ይቺ የማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እንደ ወሩ ነው። ሐምሌ ላይ ከሆነ እናትም አባትም አያትም አፋቸውን ሞልተው «የልጁ ናት» ይሏችኋል። መስከረም ሲጠባ «የቤቱ ናት» መባል ይጀምራል። ብዙ ዘመን ጠፍቶ የከረመ አጎት በድንገት የመጣ ዕለት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ራሱ ነውር ይሆናል። አቋሙን የማይለውጠው ልጁ ብቻ ነው፤ ሐምሌም መስከረምም «የኔ ናት» ይላል። ሰሚ የሚያገኘው ግን ሐምሌ ላይ ነው።

ጫኖን ለማያውቅ፦ ከአርባ ምንጭ በሲቀላ በኩል ወጥታችሁ የሶዶውን አስፋልት ስትይዙ ብዙም ሳትርቁ ግራ ቀኙ ሙዝና ማንጎ ይሆናል። ያ ነው ጫኖ፤ ሚሌ፣ ዶርጋ፣ ጫልባ እየተባለ በየቀበሌው የተከፋፈለ። በምዕራብ የጋሞ ተራሮች፣ በምሥራቅ አባያ ሐይቅ። ቆላ ስለሆነ ፀሐዩ አይጣል ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ዶሮዋ እንኳ አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ከጎኗ አራርቃ ነው የምትተነፍሰው። ሙዙ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ታዲያ ሙዙ የአባት ነው። የመስኖው ውሃ ተራው የደረሰው ገበሬ ነው። ማንጎውን የተከሉት አያት ናቸው፤ ስለዚህ የአያት ነው። ከዚህ ሁሉ ሀብት ለልጅ የምትደርሰው ዶሮ ናት።

የምትደርሰውም በወግ በሥርዓት ነው። አክስት ልትጠይቅ መጥታ አንዲት ጫጩት ሸልማው ትሄዳለች። ወይም ጎረቤት ቄቡን በርቢ ይሰጠዋል፤ ልጁ ያሳድጋል፣ የተፈለፈለውን እኩል ይካፈላሉ። ያን ዕለት ማታ አባት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ መሰላሉን ያሳየዋል። ዶሮዋ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹ አድገው ይሸጣሉ፣ በግ ይገዛል፣ በጓ ትወልዳለች፣ ግልገሎቹ ተሸጠው ጊደር ይገዛል፣ ጊደሯ ደግሞ… እዚህ ላይ አባት ራሱ በሐሳብ ርቆ ይሄድና ዝም ይላል። ይህን መሰላል ሳይሰማ ያደገ የገጠር ልጅ በኢትዮጵያ ያለ አይመስለኝም። ሒሳቡ ምንም ስሕተት የለበትም። የቀረው ለጭልፊት፣ ለሸለምጥማጥ፣ ለፋሮና ለእንግዳ ማስረዳት ብቻ ነው።

ልጁ ሥራውን ያውቃል። ክፍል ውስጥ ማባዛት የሚያቅተው ልጅ የመታቀፊያውን 21 ቀን አንድም ሳያሳስት ይቆጥራል፤ በከሰል ግድግዳው ላይ እየጫረ። ዶሮዋ መታቀፍ መፈለጓን ከድምጿ ይለያል። ከዚያ ዕንቁላል ይመርጣል። ሾል ያለው ወንድ፣ ክብ ያለው ሴት ይወጣዋል ይባላል፤ ዶሮዎቹ ሕጉን ባያከብሩትም ልጁ ያከብረዋል። እያንዳንዱን ጆሮው ሥር ይነቀንቃል፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ጎጆዋን በደረቀ የሙዝ ቅጠል ጎዝጉዞ ከሥሩ ምስማር ይሸጉጣል፤ ነጎድጓድ ዕንቁላሉን እንዳያበላሸው። ስለ ብረቱ ብዙ አገር ሰምቻለሁ፤ አንዱ ዘንድ ከሰል፣ ሌላው ዘንድ በርበሬ ይጨመርበታል። ዕንቁላልን ከነጎድጓድ በመከላከል ረገድ አገራዊ መግባባት ላይ ከደረስን ቆየን።

መፈልፈያው ሲቃረብ ዕንቁላሎቹን ለብ ባለ ውሃ ላይ ያኖራቸዋል። ወዝወዝ ያለው ሕይወት አለው፤ ዝም ያለው ተስፋ የለውም። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ሥራው ይበዛል። መኪና ባለፈ ቁጥር «ሀይላንድ! ሀይላንድ!» እያሉ የሚሮጡትን ልጆች አይታችሁ ይህን ሁሉ ባዶ ፕላስቲክ ምን ያደርጉታል ብላችሁ ከሆነ፣ አንዱን ጥቅም ልንገራችሁ። ጠርሙሱ አንገቱ ግድም ተበስቶ፣ ውሃ ተሞልቶ ሳህን ላይ ሲደፋ፣ ጫጩት ሳትሰምጥ የምትጠጣበት ዕቃ ይሆናል። ውሃው በተጠጣው ልክ ብቻ ይወርዳል። ፋብሪካ የሚሠራው ማጠጫም ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እሱ ደረሰኝ አለው። ቀጥሎ ምስጥ ነው። ልጁ ከኩይሳ የፈረከሰውን አፈር ተሸክሞ ብቅ ሲል ጫጩቶቹ ከሩቅ ያውቁታል፤ አባቱን እንዲህ ሮጦ የሚቀበለው ሰው የለም።

ከዚያ ስም ያወጣል። ጠብ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሯጩ «ኃይሌ» ነው። ሌላውን ሁሉ ደብድቦ ግቢውን የያዘው «አዞ» ነው፤ የአርባ ምንጭ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ቅጽል ስም አዞዎቹ አይደል? አንገተ መላጣው «ዳይሬክተሩ» ነው፤ ምክንያቱን ትምህርት ቤቱ ባይሰማ ይሻላል። እናት ይህን ስም ማውጣት አትወድም። «ለሚበላ ነገር ስም አይወጣም» ትላለች። የክፋት አነጋገር እንዳይመስላችሁ፤ የወጥ ቤት ልምድ ነው። «ዶሮው ጥሩ ወጥ ወጣው» ማለት ይቻላል። «ኃይሌ ጥሩ ወጥ ወጣው» እያሉ ማጉረስ ግን ለአጉራሹም ለጎራሹም ይከብዳል።

ዶሮ ድንበር አታውቅም፤ ሄዳ የጎረቤት ሙዝ ሥር ትጥላለች። ዕንቁላሉ የማን ነው? የባለዶሮው ልጅ «ከዶሮዬ የወጣ» ይላል፤ የባለሙዙ ልጅ «ከመሬታችን የተገኘ» ይላል። የዓለም አቀፍ የድንበር ወንዝ ክርክር ሁሉ እዚህች ዕንቁላል ውስጥ አለ። ግን አገሩ ጋሞ ነው። መስከረም 2011 ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን መልሰዋል፤ ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ነገርን በንግግር መጨረስ እዚያ የቆየ ባህል ነው። በዚህ መሐል ያደገ ልጅም ሣር ቢጤ ቀጥፎ ሁለቱን ባለጉዳዮች ከማንጎ ሥር ያስቀምጣቸዋል። አንድ ዕንቁላል ለሁለት አይከፈልም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፍርዱ ተጠብሶ ይበላ የሚል ነው። ዳኛውም ድርሻ አለው።

የማይሸመገለው ፈንግል ነው። ዝናብ ሲጀምር ድንገት ይመጣል። ዛሬ አንዷ አንገቷን አጥፋ ትቆማለች፣ ነገ ሁለት ይሆናሉ፣ ሳምንቱ ሳይሞላ ቆጡ ባዶ ነው። ክትባቱ አለ፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ችግሩ በአንዲት ብልቃጥ ያለው ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ በቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻል፤ ከተበጠበጠ በኋላም ቶሎ ማለቅ አለበት። አራት ዶሮ ያለው ልጅ ለብቻው ሊያስከትብ አይችልም። መንደሩ ሁሉ በአንድ ማለዳ ዶሮውን አቅፎ መሰለፍ አለበት። ያን ማለዳ ማየት ደስ ይላል፤ ልጆቹ ዶሮዎቻቸውን በነጠላ ጫፍ ጠቅልለው፣ ጠብታው ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ራሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አዋቂዎቹ አይመጡም። ለዓመት በዓል «የቤቱ» የምትባለው ዶሮ ለክትባት ቀን «የልጁ» ናት።

የ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የናሙና ጥናት አገሪቱ ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶሮ እንደነበራት ይናገራል፤ አብዛኛው የሀበሻ ዶሮ ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱን ልጆች እንደሚጠብቁት ቆጣሪ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ትልቁ የዶሮ ባለሀብት ገና ጥርሱን እየነቀለ ያለ መሆኑ ይታወቅ ነበር። የሀበሻዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ብትጥል ነው። ጥቂት ነው ብለው የተጨነቁ ባለሙያዎች ቀደም ባለው ዘመን ከጅማና ከዓለማያ ጀምሮ እነ ሌግሆርንን አመጡ፤ ኋላም ለገበሬው የፈረንጅ አውራ እንስጥህ፣ አንተ ግን የራስህን አውራዎች በሙሉ አስወግድ የሚል ዕቅድ ወጣ። ገበሬው የፈረንጁን ተቀበለ። የራሱን ግን እምቢ አለ። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ የዚያን አውራ ባለቤት ማንም አላማከረውም፣ ባለቤቱ ደግሞ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ነበር።

አሁን ደግሞ ሳሶ የሚባለው የዶሮ ዝርያ ዘመን ነው። ጫጩቱ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይመጣል፣ አሳዳጊው 45 ቀን አሳድጎና አስከትቦ ያከፋፍለዋል። ሳሶዋ ቶሎ ታድጋለች፣ ብዙ ትጥላለች። ልጆቹ ግን ገና አልተቀበሏትም። «ጭልፊት ሲመጣ ቆማ ታየዋለች» አለኝ አንዱ። የሀበሻዋ እናት ዶሮ ጥላ ሰማይ ላይ ስታይ በአንድ ድምፅ ልጆቿን ክንፏ ሥር ትሰበስባለች፤ ሳሶዋ እናት የላትም፣ እናት መሆንም ብዙ አያምራትም። ባለሙያ የዕንቁላል ብዛት ይቆጥራል፤ ልጅ የሚቆጥረው ማታ ወደ ቆጥ የተመለሰውን ነው።

የሌማት ትሩፋት የሚባለው መርሐ ግብር የተጀመረው በጥቅምት 2015 እዚያው አርባ ምንጭ ላይ ነው። ወተት፣ ማር፣ ዕንቁላልና ሥጋ ከየቤቱ ሌማት እንዳይጠፋ ነው ዓላማው፤ ዶሮም በዚህ መሠረት ከጓሮ ተነሥታ ስብሰባ ላይ ስሟ የሚጠራ ሆነች። ስም መጠራት ደግሞ ጉብኝት ያስከትላል። አንድ ወዳጄ እንዳጫወተኝ (ቦታውን ተናግሬ ጠብ አልሻም፣ ጫኖ ግን አይደለም) ጎብኚዎች ይመጣሉ ሲባል የመንደሩ ዶሮ ሁሉ በአንድ አዲስ ቤት ተሰበሰበ። ጎብኚዎቹ መጡ፣ አደነቁ፣ ፎቶ ተነሡ። አስረጂው «ይህ ሁሉ የአንድ ሞዴል አርሶ አደር ሥራ ነው» እያሉ ሳለ አንድ ትንሽ ልጅ በእግሮቻቸው መሐል ሾልኮ ገባና የራሱን ዶሮ በስሟ ጠራት። መጣች። ሌላው ልጅም የራሱን ጠራ። ንግግሩ ሳያልቅ ሞዴሉ እኩሌታ ዶሮው አልቆበት ነበር ይባላል።

ሰው እንስሳ አሳድጎ ለእይታ ማቅረብ ይወዳል። አርባ ምንጭ ራሷ አዞ አርብታ በትኬት ታሳያለች፤ ከሐይቅ ዳር የተሰበሰበ ዕንቁላል ተፈልፍሎ፣ ትንንሾቹ ለብቻ፣ ትልልቆቹ ለብቻ በግንብ ገንዳ ተከፋፍለው። እንግሊዞች በ1845 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የዶሮ ውድድር አዘጋጁ። አሜሪካኖች በ1849 ቦስተን ላይ ከ1,000 በላይ ዶሮ አቀረቡ፤ በ1874 ደግሞ አንድ ዶሮ ምን መምሰል እንዳለበት ከኩክኔው እስከ ጥፍሩ የሚደነግግ መጽሐፍ አሳተሙ። እዚያ አገር ፎር ኤች የሚባሉት የልጆች ክበቦች ዛሬም በየአውራጃው ዐውደ ርእይ ላይ ዶሯቸውን ይዘው ይቀርባሉ። ዳኛው ዶሮውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይፈትናል፤ ክንፉን ዘርግተህ አሳየኝ፣ ምን ትመግበዋለህ፣ ይህ ምን ይባላል እያለ። ለውድድሩ ዋዜማ ልጁ ዶሮውን በሳሙና ያጥበዋል፤ ሁለትና ሦስት ገንዳ ውሃ ይለዋውጥለታል፣ ያደርቀዋል፣ ኩክኔውን ቅባት ይቀባዋል።

ይህን ለጫኖ ልጆች ነገርኳቸው። እስከ ፈተናው ድረስ በጥሞና አዳመጡኝ። እጥበቱ ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ። እኛ ዘንድ ዶሮ የሚታጠበው ከሞተ በኋላ ነዋ፤ በሎሚና በጨው፣ ውሃው እስኪጠራ፣ 12 ብልት ሆኖ። አንዷ ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከታጠበ በኋላስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሽልማት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል አልኳት። እንዳላመነችኝ ያስታውቅ ነበር።

የኛ ልጅም ግን ዶሮ ለዳኛ ያቀርባል። ዐውደ ርእዩ የገበያ ቀን ነው፤ ወይም የአስፋልቱ ዳር። ዳኞቹ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ናቸው፤ እንደነሱ ያለ ጥብቅ ዳኛ ቦስተንም የለም። ክንፉን ሰብስበው ከፍ ያደርጉና በእጃቸው ይመዝኑታል። ደረቱን ይዳብሳሉ፤ አጥንቱ ከሾለ ወደቀ። የሆዱን ላባ እፍ ብለው ቆዳው ቢጫ ስብ መያዙን ያያሉ። ከእግሩ ኋላ የበቀለችውን ሹል ጥፍር ለክተው ዕድሜውን ይናገራሉ። ቀይ ተወዳጅ ነው። ጥቁሩን ወይም ገብስማውን ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ከመጣ ልጁ ጠጋ ብሎ ፊቱን ያያል፤ ለወጥ እንዳልሆነ ገብቶታል። የዳኞቹ ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ አሸናፊውን ይዘውት ይሄዳሉ።

አንድ የመስቀል ሰሞን ነው። መስቀል ጋሞ ውስጥ ከበዓል ሁሉ በላይ ነው፤ የበሬው ቅርጫ ገንዘብ ደግሞ ጎደለ። የወዳጄ ልጅ «አዞን» ታቅፎ አስፋልት ዳር እንዲቆም ተላከ። አባት «ከ1,200 ብር እንዳታወርድ» ብሎታል። እንዳታወርድ እንጂ እንዳትጨምር አላለውም። ልጁ እዚህች ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

«ስንት ነው ማሙሽ?»

«ሦስት ሺህ፣ እትዬ።»

«ዶሮ ነው ወይስ በሬ?»

«ዶሮ ነው።»

«ወርቅ ነው እንዴ የሚውጠው?»

«ምስጥ ነው።»

እሳቸው ሄዱ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ተሳድቦ ሄደ። ልጁ ደስ ብሎታል፤ ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች አዞ ወደ ቤቱ ነው። በዚህ መሐል የአዲስ አበባ ታርጋ ያላት መኪና ቆመች። ባልና ሚስት ወረዱ። ሴትዮዋ ዳበሱት፣ እፍ አሉት፣ ለባላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውዬው ዋጋውን ሰምተው ምንም ሳይሉ ኪሳቸው ገቡ።

ልጁ ደነገጠ። «ጋሼ፣ አርጅቷል እኮ» አለ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከኔ ይበልጣል።»

ሰውዬው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ አቆሙት። ልጁ ቀጠለ። ሥጋው ቶሎ አይበስልም። ሰው ይነክሳል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይጮኻል፣ ጎረቤት ይጣላችኋል። ግራ እግሩን ያመዋል። ሴትዮዋ እያዳመጡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አየኸው? ዛሬ እንዲህ ያለ እውነተኛ ልጅ የት ይገኛል! ስጠው፣ ስጠው። ለደብተሩም ጨምርለት!» አዞ መስኮቱ ላይ ራሱን አውጥቶ ወደ ሶዶ አቅጣጫ ሄደ።

ልጁ እያለቀሰ 3,000 ብሩንና የደብተሩን ይዞ ገባ። አባት ቆጠረው፣ ደግሞ ቆጠረው። ልጁ ለምን እንደሚያለቅስ ለመጠየቅ ትንሽ ቆየ፤ ከበዓሉ በኋላ የሙዙንም ዋጋ ከነጋዴ ጋር እሱ እንዲነጋገር ሾመው። ቅርጫው ሞላ። ከተረፈው ላይ ለልጁ ሁለት ቄቦች ተገዙለት።

እናት አስቀድማ «ስም እንዳታወጣላቸው» አለችው። ልጁ አሰበበት። ለአንደኛዋ ምንም አላወጣም። ለሁለተኛዋ የአያቱን ስም አወጣላት፤ ከነአባታቸው።

አያት ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥሎ ቄቧን አምጧት አሉ። ቀይ ናት፣ ደረቷ ሞላ ያለ፣ አረማመዷ ቀስ ያለ። አገላብጠው አዩዋትና «እኔም በደጉ ጊዜ እንዲህ ነበርኩ» አሉ። ስም የሌላት ቄብ ለገና አለፈች። የአያትን ሞክሼ ግን ማን ደፍሮ «እንረዳት» ይላል? ከልጅ ልጅ እስከ ምራት አንድም ሰው አፉ ሊያወጣው አልቻለም። ገና አለፈ። ሁዳዴ መጣ፤ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ተቀላቅሎ በሚኖርበት ሰፈር ለዶሮ ጾምም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፣ እሷ ግን አለፈችው። ፋሲካም አለፈ። አጎትም ከሩቅ አገር መጥቶ ሽሮ በልቶ ተመለሰ።

ቄቧ አሁን መጣል ጀምራለች። ልጁ በየጠዋቱ ጎጆዋ ጋ ሲደርስ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። አያት ቀድመው ተነሥተው ዕንቁላሉን ወስደውታል። ሄዶ ሲጠይቃቸው መቋጠሪያቸውን እያጠበቁ «በስሜ አይደለችም እንዴ?» ይሉታል።